ለትንሽ እርሻ የሚስማማውን የበግ ዘር ስለ መምረጥ

በግ በደጋ አገር ለሚኖር ገበሬ ከሀብቱ ሁሉ ለእጁ የቀረበው ነው። በሬውን የሚሸጥ ሰው እርሻውን እንደ ሸጠ ይቈጠራል፤ እህሉንም ያለ ጊዜው የሚሸጥ ክረምቱን በራብ ይወጣዋል፤ በግ ግን ለግብር፥ ለልብስ፥ ለመድኀኒትና ለልጆች ደብተር መግዣ ገንዘብ ባስፈለገ ቀን ወደ ገበያ ይነዳል። ለዓመት በዓል ይታረዳል፤ ቆዳው አጐዛ ሆኖ ይነጠፋል ወይም ይሸጣል፤ በብርዳማው አገርም ጠጕሩ ተፈትሎ ባናና ዝተት፥ በርኖስም ይሆናል፤ ፍጉ ደግሞ የጓሮውን መሬት ያለማል።

ነገር ግን ይህን ሁሉ ጥቅም የሚሰጠው ማናቸውም በግ አይደለም። በአንዱ ስፍራ የሚበረክተው በሌላው ስፍራ ይከሳል፤ በአንድ መንደር ውስጥ እንኳ የአንዱ ሰው መንጋ ሲያምር የጎረቤቱ መንጋ ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ይሄዳል። ይህን በዕድል ብቻ የሚመጣ አድርገው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ ዳሩ ግን አብዛኛው ከምርጫ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ትንሽ መሬትና ጥቂት በጎች ያሉት ገበሬ የትኛውን የበግ ዘር ቢያረባ እንደሚሻለው፥ ከዚያም የመረጠው ዘር በእጁ እንዳይበላሽበት ምን ማድረግ እንደሚገባው በዚህ ጽሕፈት ይገለጣል። በጽሕፈቱ ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የኢትዮጵያ በጎች ስንት ወገን እንደ ሆኑ

ሰሎሞን ግዛው የሚባሉ ኢትዮጵያዊ የከብት እርባታ ሊቅ በሆላንድ አገር በሚገኘው በዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ በ2008 ዓ.ም. ባቀረቡት ጥናት፥ በየአገሩ ስም የሚጠሩትን 14 የኢትዮጵያ የበግ ወገኖች መርምረው በዘራቸው 9 እንደ ሆኑ፥ እነዚህም በ6 ክፍል እንደሚመደቡ አስረድተዋል። ክፍሎቹ በይበልጥ የሚለዩት በላታቸውና በጠጕራቸው ነው።

አጭር ላት ያላቸው የደጋ በጎች አሉ፤ የመንዝ፥ የወሎ፥ የፋርጣና የሰቆጣ በጎች፥ ጥቁር በግ የሚባለውም ጭምር ከዚህ ይገባሉ። ከደጋ በጎች ሁሉ በገላው የሚተልቀው የሰሜን ተራሮች በግ ነው። በጎጃምና በአዊ የሚረባው ዋሸራ ነው፤ ጠጕሩ አጭር፥ መልኩ ብዙውን ጊዜ ቡናማ፥ ሴቱም ወንዱም ቀንድ የሌለው ነው። በምዕራብ ቆላ የሚገኘው ቀጭን ጅራት ያለው የጉምዝ በግ ነው። ረጅም ላት ያላቸው የሆሮ፥ የቦንጋ፥ የአዲሎና የአርሲ በጎች ናቸው። ስባቸውን በዳሌያቸውና በጅራታቸው ሥር የሚያከማቹት የአፋር በግና ራሱ ጥቁር ገላው ነጭ የሆነው የሱማሌ በግ ናቸው።

ከዚህ የሚማሩት ነገር አለ። እነዚህ ዘሮች በአንድ ቀን የተፈጠሩ አይደሉም። ብርዱ፥ ሙቀቱ፥ የግጦሹ ማነስና መብዛት፥ በሽታውም በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ያልቻሉትን እየጣለ የቻሉትን አስቀርቷል፤ የአገሩም አርቢ ደስ ያለውን እያቈየ ደስ ያላላውን አርዷል። እንግዲህ የአንድ አገር በግ ማለት የአገሩ ምድርና የአባቶች ምርጫ አንድ ላይ ሆነው የሠሩት ነው።

አስቀድሞ አገሩን፥ ቀጥሎ በጉን መመርመር

በግ ለመግዛት የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው በበጉ ላይ ነው። ነገር ግን አስቀድሞ መመርመር የሚገባው የራሱን መሬት ነው። ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፤ ይኸውም አገሩ ምን ያህል ይበርዳል ወይም ይሞቃል፤ በበጋ ወራት ለበጉ የሚቀርበው መኖ ምን ያህል ነው፤ ከበጉ የሚፈልገውስ ሥጋና ገንዘብ ብቻ ነው ወይስ ጠጕርም ጭምር ነው።

ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነው፥ ውርጭ በሚወርድበትና ገብስ በሚዘራበት አገር የመንዝን በግ የሚያህል ታጋሽ ማግኘት ችግር ነው። ገላው ትንሽ ነው፤ ያደገች ሴት በግ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ትመዝናለች። ቢሆንም በድንጋዩ መካከል በቀረችው አጭር ሣርና በገለባ በጋውን ይወጣል፤ ወፍራም ጠጕሩ ከብርድ ይጠብቀዋል፤ ያው ጠጕር ተሸልቶ ለባናና ለምንጣፍ ይሆናል። በላቱ ያከማቸው ስብም በችግር ወራት ስንቅ ይሆነዋል።

ዝናብ በሚበዛበትና ሣር በማይጠፋበት ወይና ደጋ ግን ከዚህ የሚተልቅ በግ መኖውን ያገኛል። ለጎጃምና ለአዊ ዋሸራ፥ ለምዕራብ ኦሮሚያ የሆሮ፥ ለከፋና ለአካባቢው የቦንጋ በግ የተስማሙ ናቸው። የሆሮና የቦንጋ በጎች መንታ በመውለድ የታወቁ ስለ ሆኑ፥ ወተት የሚሆን መኖ ባለበት ስፍራ ጥቂት እናቶች ብዙ ግልገል ይሰጣሉ። ሙቀትና ድርቀት ባለበት አገር ደግሞ ሩቅ ተጕዞ ውሃ የሚፈልገው የአፋርና የሱማሌ በግ ይሻላል።

እነዚህን ከየአገራቸው አውጥቶ ማዛወር በጥንቃቄ ካልሆነ ጥፋት ያመጣል። የቈላው በግ ጠጕሩ አጭርና ስስ ስለ ሆነ ውርጭ ባለበት ሌሊት ግልገሎቹ ያልቃሉ፤ የደጋው በግ ወደ ቈላ ሲወርድ ያው ከብርድ ያዳነው ጠጕር ሸክም ይሆንበታል። ከደረቅ ምድር የመጣ በግም ረግረግ ላይ ሲሰማራ የጉበት ትል ቶሎ ያጠቃዋል። ስለዚህ የተሻለ በግ የሚሻ ሰው አስቀድሞ በገዛ አገሩ ዘር ውስጥ ይፈልግ፤ ቢያጣ አየሩ አገሩን ከሚመስል ስፍራ ያምጣ።

ትልቅ ገላ እንዳያታልል

ትልቅ በግ ሲታይ ያምራል፤ በገበያም ዋጋው ይበልጣል። ነገር ግን ትልቅ ገላ ትልቅ አፍ አለው። አንድ በግ በቀን የሚበላው ደረቅ መኖ ከክብደቱ ከመቶ 3 እጅ ያህል ነው ቢባል፥ 25 ኪሎ የሚመዝን በግ 750 ግራም፥ 50 ኪሎ የሚመዝንም 1 ኪሎ ተኩል ይበላል። እንግዲህ 5 ትልልቅ በጎችን የሚያጠግብ ግጦሽ 10 ትንንሾችን ያጠግባል ማለት ነው።

አሁን ሁለት ገበሬዎች አሉ እንበል፤ አንዱ 5 ትልልቅ እናቶች፥ ሁለተኛው 10 ትንንሽ እናቶች አሉት። እናቶቹ ሁሉ አንድ አንድ ቢወልዱ የመጀመሪያው 5፥ ሁለተኛው 10 ግልገል ያገኛል። አንዲት በግ በበሽታ ወይም በቀበሮ ብትሞት የመጀመሪያው ከሀብቱ አምስተኛውን፥ ሁለተኛው ዐሥረኛውን ብቻ ያጣል። በክፉ በጋም ትንሿ በግ በጥቂት ሣር ትቈያለች፤ ትልቋ ግን ጥቂቱ ስለማይበቃት ትከሳለች፤ ትጨነግፋለች ወይም የምትወልደውን ማጥባት ያቅታታል። በሌላ ወገን ደግሞ መኖ በሚገዛበትና ሥጋ በውድ በሚሸጥበት በከተማ አጠገብ ትልቁ በግ ብልጫ ይኖረው ይሆናል። ስለዚህ ፍርዱ የሚሰጠው በበጉ ቁመት ሳይሆን ከአንድ መሬት በዓመት ውስጥ በሚገኘው ጠቅላላ ትርፍ ነው።

የባዕድ አገር በግንም ነገር በዚሁ ሚዛን መመልከት ይገባል። በ1967 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የተቋቋመው የበግ ማራቢያ ጣቢያ የደጋውን በግ ለማሻሻል ኮሪዴል፥ ሃምፕሻየርና ሮምኒ የሚባሉትን የውጭ አገር ዘሮች፥ ኋላም ከእስራኤል የመጣውን አዋሲ የሚባለውን በግ ከአገሩ በግ ጋራ አዳቅሏል። አዋሲ ጠጕርና ወተት የሚሰጥ፥ ላቱም ሰፊ የሆነ የመካከለኛው ምሥራቅ በግ ነው። ከእርሱና ከመንዝ በግ የተወለዱት ድቅሎች መኖ ባገኙበት ስፍራ ከአገሩ በግ ይልቅ ፈጥነው ያድጋሉ። መኖው ባልተገኘበት ስፍራ ግን ትልቅ የመሆን ዕድላቸው በውስጣቸው ተቀብሮ ይቀራል፤ ባለቤቱም ለብልጫው ዋጋ ከፍሎ ብልጫውን ሳያይ ይቀራል።

ከዚህ የተነሣ ሊዘነጋ የማይገባው አንድ ሕግ አለ። ድቅል ማርባት የሚሻ ሰው መንጋውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አያዳቅል፤ የአገሩን ንጹሕ ዘር በበቂ ቍጥር ለይቶ ያቈይ። ድቅሉ ያልተስማማ እንደ ሆነ መመለሻው ይኸው ነው። የአገሩ ዘር አንድ ጊዜ ከጠፋ ግን በገንዘብ አይገዛም፤ የመቶ ዓመታት ሥራ ነውና። ከሩቅ የመጣ በግም ከመንጋው ጋራ ከመቀላቀሉ በፊት በሽታ እንዳያገባ ለብቻው ሰንብቶ በእንስሳት ሐኪም መታየት አለበት።

በገበያ ቀን የሚጠፋው ዘር

ለአገሩ የተስማማውን ዘር የመረጠ ሰው ሥራውን የጨረሰ ሊመስለው ይችላል። ዳሩ ግን የዘር ምርጫ በተገዛበት ቀን አያልቅም፤ ይልቁንም በሚሸጥበት ቀን ሁሉ እንደ ገና ይደረጋል። ብዙ መንጋ የሚበላሸውም በዚሁ ስፍራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 10 እናት በጎች ያሉት ገበሬ በአንድ ወራት 5 ወንድ ግልገሎች አገኘ እንበል። በስድስት ወራቸው ሲመዘኑ አንዱ 17፥ ሁለተኛው 15፥ ሦስተኛው 13፥ አራተኛው 12፥ አምስተኛው 10 ኪሎ ሆኑ። ፋሲካ ሲደርስ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ነጋዴውም ዓይኑን የሚጥለው በ17 ኪሎው ላይ ነው። እርሱ ይሸጣል። በሌላው በዓል 15 ኪሎው፥ ከዚያም ሌሎቹ ይከተላሉ። ነጋዴ የማይፈልገው ባለ 10 ኪሎው ግን በጉሮኖው ውስጥ ይቀራል። ይህ ግልገል ዓመት ሲሞላው የመንጋው አውራ የሚሆነው እርሱ ነው፤ ማንም ሳይመርጠው፥ ሌላ ስለሌለ ብቻ ነው።

እንግዲህ ገበሬው ሳያውቀው መርጧል ማለት ነው፤ ፈጣኑን ለገበያ፥ ዘገምተኛውን ለዘር አድርጎ መርጧል። አንዲት እናት በአንድ ወሊድ የምትሰጠው ብዙውን ጊዜ አንድ ግልገል ነው፤ አውራው ግን ለ10ሩም ግልገሎች አባት ነው። ስለዚህ አውራው ብቻውን የመጪው መንጋ እኩሌታ ነው። የእርሱ ሴቶች ልጆች አድገው እንዲሁ ካለ ሌላ ደካማ አውራ ጋራ የተገናኙ እንደ ሆነ፥ ከሚወለዱት ግልገሎች ደም ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ከእነዚያ ከሁለቱ ደካሞች የመጣ ይሆናል። «ዘር ከልጓም ይስባል» የተባለው ለፈረስ ብቻ አይደለም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልካሙ መንጋ ያንሳል፤ ባለቤቱም መሬቱን ወይም ዓመቱን ይከሳል።

ሙክትም ቢሆን በዚሁ መንገድ ያሳስታል። ሙክት ለማድለብ የሚኰላሸው ብዙውን ጊዜ ቁመናው ያማረው ጠቦት ነው። ዘሩን ሳይሰጥ የተኰላሸ መልካም ጠቦት ለአንድ በዓል ያኰራል፤ ለመንጋው ግን የጠፋ ነው። መኰላሸት የሚገባቸው ለአውራነት ያልተመረጡት ናቸው፤ እነርሱንም በጊዜው መኰላሸት ሁለት ጥቅም አለው፤ ይኸውም ይሰባሉ፥ ሳይታሰብም እናቶቹን አያስረግዙም።

በዚህ ስፍራ ድኻውን ገበሬ በስንፍና መውቀስ አይገባም። መልካሙን ጠቦት የሚሸጠው አለማወቅ ብቻ ይዞት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ችግር ይዞት ነው። የሚያጣው ገንዘብ የዛሬ ነው፤ የሚያገኘው ጥቅም ግን የግልገሉ ልጆች ሲወለዱ ሲያድጉ የሚታይ ስለ ሆነ ሁለት ዓመት ያህል ይቈያል። ስለዚህ ምክር ብቻ አይበቃም፤ መንደሩ የሚረዳዳበት ሥርዓት ያስፈልጋል። ያም ሥርዓት ከዚህ በታች ይነገራል።

መልካም አውራ የሚታወቅበት ምልክት

አውራ ሲመረጥ ከሁሉ አስቀድሞ እናቱ ትጠየቅ። በየጊዜው ሳታቋርጥ የምትወልድ፥ የወለደችውንም ሳይሞትባት የምታሳድግ እናት ልጅ ይመረጣል። መኖ ባለበት አገር መንታ ወልዳ ሁለቱንም ያሳደገች እናት ብትገኝ ይበልጥ መልካም ነው።

ቀጥሎ ጠቦቱ ራሱ በሦስት ወሩና በስድስት ወሩ ይመዘን። ሲመዘን ግን ከእኩዮቹ ጋራ ይወዳደር እንጂ በዝናብ ወራት የተወለደው በበጋ ከተወለደው ጋራ አይወዳደር፤ መንታ ሆኖ ያደገውም ብቻውን ከጠባው ጋራ ሲነጻጸር ይህ ይታሰብለት። የጠቦቱ ብልጫ ሁሉ ከዘሩ የመጣ አይደለምና፤ ከፊሉ የእናቱ ወተትና የመኖው ሥራ ነው። ይህኛው ክፍል ወደ ልጆቹ አይተላለፍም።

ከዚያ በኋላ አካሉ ይመርመር። እግሮቹ ቀጥ ያሉ፥ ጀርባው ያልጐበጠ፥ ደረቱ ሰፊ ይሁን፤ የታችኛው ጥርሱ ከላይኛው ድድ ጋራ ይጋጠም፤ ቈለጦቹ ሁለቱም የወረዱና እኩል ይሁኑ፤ ዓይኑ ጥሩ ይሁን፥ አያስል፥ አያነክስ። ዕድሜውን ማወቅ የሚሻ ሰው ጥርሱን ይመልከት፤ በግ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትልልቅ ጥርሶች የሚያወጣው በዓመትና በዓመት ተኩል መካከል ነው።

መልክ፥ ቀንድና የላት ቅርጽ በመጨረሻ ይታያሉ። እነዚህ ከንቱ አይደሉም፤ ገበያው የሚወደው መልክ ዋጋ ይጨምራልና። በብዙ ገበያ ቀይና ነጭ በግ ከጥቁሩ ይልቅ ይፈለጋል፤ የጥቁሩ ጠጕር ደግሞ ቀለም ሳይነከር ለጥቁር ልብስ ይሆናል። ነገር ግን በመልኩ ብቻ ደካማውን አውራ ማድረግ በሽፋኑ መጽሐፍን እንደ መግዛት ነው።

የዘመድ ተዋልዶ እንዳይሆን ስለ መጠንቀቅ

በግ የምታረግዘው 150 ቀን ያህል ነው፤ ይኸውም አምስት ወር ነው። ሴት ግልገልም ብዙ ጊዜ ዓመት ሳይሞላት ለአውራ ትደርሳለች። እንግዲህ አንድ አውራ ሥራ ከጀመረ ዓመት ተኩል ያህል ሲያልፍ የገዛ ልጆቹ ለእርሱ ይደርሳሉ። አባት ከልጁ፥ ወንድም ከእኅቱ ሲገናኙ በዘሩ ውስጥ ተሸሽጎ የኖረው ጕድለት ይገለጣል፤ ግልገሎቹ ያንሳሉ፥ ቶሎ ይሞታሉ፥ እናቶቹም መጸነስ ያቅታቸዋል።

ስለዚህ አንድ አውራ በአንድ መንጋ ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ ባይቈይ ይሻላል። መልካም ሆኖ ከተገኘ አይታረድም፤ ዝምድና ከሌለው ከሩቅ መንደር መልካም አውራ ጋራ ይለዋወጣል። ለ25 እናቶች አንድ ብርቱ አውራ ይበቃል። 5 ወይም 6 እናቶች ብቻ ያሉት ገበሬ የራሱን አውራ መቀለብ አያስፈልገውም፤ ከአራት ከአምስት ጎረቤቶቹ ጋራ ሆኖ አንድ የተመረጠ አውራ ቢይዝ መኖም ይቈጥባል፥ ዘሩም ይሻሻላል።

እንዲያውም በወል ግጦሽ ላይ የሚያሰማራ ሰው ብቻውን መምረጥ አይችልም። እርሱ መልካሙን አውራ ቢያቈይ የጎረቤቱ ደካማ ጠቦት በሜዳው ላይ ቀድሞ እናቶቹን ያስረግዛል። እንግዲህ የዘር ምርጫ የአንድ ሰው ጥበብ ሳይሆን የመንደር ስምምነት ነው።

በመንዝ፥ በሆሮና በቦንጋ የተደረገው ስምምነት

ይህን የመሰለ ስምምነት በእኛ አገር ተፈትኖ መልካም ፍሬ ሰጥቷል። በ2009 ዓ.ም. ኢካርዳ የሚባለው የደረቅ አገሮች የእርሻ ምርምር ማእከል፥ ኢልሪ የሚባለው ዓለም አቀፍ የከብት እርባታ ምርምር ተቋምና በቪየና ከተማ ያለው ቦኩ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ የምርምር ማእከሎች ጋራ ሆነው በመንዝ፥ በሆሮ፥ በቦንጋና በአፋር አገር የመንደር ሰዎች በጋራ በጋቸውን የሚያሻሽሉበትን ሥራ ጀመሩ። በመንዝ የተመረጡት ስፍራዎች ሞላሌና መሐል ሜዳ ናቸው።

አሠራሩ የባዕድ ዘር ማምጣት አይደለም፤ ከአገሩ ዘር ውስጥ የተሻለውን መርጦ ማቈየት ነው። በመጀመሪያ ገበሬዎቹ ከበጋቸው የሚፈልጉትን ራሳቸው ተናገሩ። ከዚያም በየመንደሩ የሚወለደው ግልገል ሁሉ ምልክት ተደርጎለት አባቱ፥ እናቱ፥ የተወለደበት ቀንና ክብደቱ በመዝገብ ይጻፋል። ስድስት ወር ሲሞላው በመዝገቡ መሠረት ብልጫ ያላቸው ጠቦቶች እንዳይሸጡ ይለያሉ። ዓመት ሲቀርባቸው ደግሞ አርቢዎቹ ከመካከላቸው የመረጧቸው ሰዎች ተሰብስበው ቁመናውን፥ መልኩን፥ ላቱንና ቀንዱን አይተው የመጨረሻውን ፍርድ ይሰጣሉ። መዝገብ የማያሳየውን ዓይን ያያል፤ ዓይን የሚሳሳተውንም መዝገብ ያርማል።

የተመረጠው ጠቦት ባለቤት እንዳይጐዳ ማኅበሩ ባዋጣው ገንዘብ ጠቦቱ በተገቢው ዋጋ ይገዛል፤ አውራውም በየቡድኑ ተራ እየገባ ያገለግላል፤ ጊዜውን ሲጨርስ ይሸጥና ገንዘቡ ሌላ አውራ ለመግዛት ይመለሳል። በዚህ መንገድ በመንዝም፥ በሆሮም፥ በቦንጋም የግልገሎች የስድስት ወር ክብደት እየጨመረ መሄዱ በጥናት ታይቷል። የቦንጋ አርቢዎች ማኅበራትማ የተመረጡ አውራዎችን ለሌላ አገር ሰዎች እስከ መሸጥ ደርሰዋል።

የመምህሩና የሽማግሎች ድርሻ

ይህን ሥራ ለመጀመር ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ደብተር፥ አንድ ተንጠልጣይ ሚዛንና የሽማግሎች ቃል ይበቃል።

መምህሩ ከደብተሩ ላይ መስመር አስምሮ የግልገሉን ምልክት፥ የእናቱንና የአባቱን ስም፥ የተወለደበትን ቀን፥ መንታ መሆን አለመሆኑን፥ በተወለደ ጊዜ፥ በሦስት ወሩና በስድስት ወሩ የመዘነውን የሚያጽፍበት ቦታ ያዘጋጅ። ተማሪዎቹም የቤታቸውን ግልገሎች እየመዘኑ ይጻፉ፤ ለሒሳብ ትምህርት ከዚህ የሚሻል ምሳሌ አይገኝም። ከላይ የተነገሩት አምስት ግልገሎች አንድ ላይ 67 ኪሎ ናቸው፤ ለአምስት ሲካፈል 13 ኪሎ ከ400 ግራም ይሆናል። ሕፃኑ የትኛው ግልገል ከዚህ እንደሚበልጥ፥ የትኛውም እንደሚያንስ ራሱ አይቶ ለአባቱ ሊነግር ይችላል። ማንበብና መቍጠር ለቤት የሚጠቅም መሆኑን አባቱ የሚያውቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ሽማግሎቹ ደግሞ መዝገቡ የማይሠራውን ይሠራሉ። የወሉን ግጦሽ የሚጠቀሙትን ሰብስበው በመጀመሪያ ያልተመረጠ ጠቦት ሳይኰላሽ በመንጋ ውስጥ እንዳይሰነብት፥ ሁለተኛም የተመረጠ ጠቦት ከማኅበሩ ሳይጠየቅ እንዳይሸጥ ያስማሙ። ሦስተኛም ለበዓል ወይም ለችግር ገንዘብ የሚያስፈልገው ሰው መልካሙን ጠቦት በነጋዴ ፈንታ ለመንደሩ የሚሸጥበትን መዋጮ በዕቁብ ወይም በእድር ልማድ ያቁሙ። መዋጮው ባይሞላ እንኳ ባለቤቱ በመልካሙ ፈንታ ሁለቱን ደካሞች ሸጦ ችግሩን እንዲያልፍ ይምከሩት።

ይህ ሁሉ ሲጠቃለል የሚመጣው ወደ አንድ ነገር ነው። ለትንሽ እርሻ የሚሻለው በግ ከሩቅ የመጣው ትልቁ አይደለም፤ የአገሩን ብርድና ራብ የቻለው የአገሩ በግ ነው። ይህም በግ መልካም ሆኖ የሚቈየው በየዓመቱ ከሚወለዱት ጠቦቶች የሚበልጠው ለዘር የቀረ እንደ ሆነ ነው። ገበሬ ከአዝመራው ምርጡን ዘር ለይቶ ሳያስቀምጥ ሁሉን አይበላም፤ ለእህሉ ያወቀውን ይህን ጥበብ ለበጉ ቢያደርገው ልጁ የሚወርሰው መንጋ እርሱ ከአባቱ ከወረሰው የተሻለ ይሆናል።